ብርድ ነው ያልነው ጠጠር

ገበያ ተቀምጣችሁ የምትውሉ እህቶቼ፣ ይህን በቅድሚያ የጻፍኩት ለእናንተ ነው። ሌላውም ሰው ቢያነበው አይጎዳውም። ሐኪም አይደለሁም፤ አሥረኛ ክፍል ላይ ትምህርቴን ያቆምኩ ባና ሻጭ ነኝ። የማወራውም በራሴ ግራ ጎን ላይ ስለደረሰው ብቻ ነው፤ ከዚያ ያለፈውን ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ጠይቁ።

አንድ ቦታ መቀመጥ ድሮም አይሆንልኝም። ባለቤቴ ደረጀ «አንቺ እንቅልፍም ቆመሽ ካልሆነ አይወስድሽም» እያለ ይቀልድብኛል። እንጀራዬ ግን መቀመጥ ሆኖ አረፈው። ባና ማለት፣ ለማያውቀው፣ ከበግ ጠጉር ተፈትሎ የሚሸመን የመንዝ ልብስ ነው፤ የእኛን ብርድ የሚመልሰው እሱ ነው። ከሸማኔዎች ተቀብዬ ዘመሮ ገበያ ላይ ዘርግቼ እሸጣለሁ። ቀየትም እሄዳለሁ፤ በበጋ መንገዱ ሲደርቅ ራቤል ድረስ የምዘልቅበት ጊዜም አለ። ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ያሉት ወራት የእኛ ናቸው። ሰው እህሉን ሰብስቦ እጁ ላይ ገንዘብ የሚገባው ያኔ ነው፤ ሠርጉም ያኔ ነው፤ ውርጩም ያኔ ነው።

ወደዚህ ሥራ ስገባ የመጀመሪያው ትምህርቴ ስለ ባና አልነበረም። አጠገቤ ትሸጥ የነበረች አንዲት ጠና ያለች ሴት «ገበያ በምትወጪበት ቀን ከዋዜማው ማታ ጀምረሽ ጉሮሮሽን አድርቂ» አለችኝ። ገበያው መጸዳጃ የለውም። ወንዱ ከአጥር ጀርባ ዞር ይላል፤ ሴት የት ትሂድ? ብትነሺ ደግሞ ቦታሽን ሌላ ይይዘዋል፣ ዕቃሽን ዓይን ይገባበታል፣ ደንበኛሽ መጥቶ ያጣሽና ከጎረቤትሽ ይገዛል። ስለዚህ አንጠጣም። ሁላችንም ነን። ጠዋት ቆሎ ቆርጥመን ወይም በሶ በጨው ቀምሰን እንወጣለን፤ ማታ ቤት ስንገባ አንድ ሁለት ጣሳ ጠላ እንጠጣለን፤ በቃ። ይህን ዘጠኝ ዓመት አደረግኩት። እንዲያውም «እኔን ጥም አያውቀኝም» እያልኩ እኮራበት ነበር።

የመንዝ በጋ ደግሞ ያታልላል። ሰማዩ ጥርት ብሎ ይውላል፣ ፀሐዩ ያከስላል፣ ነፋሱ ከንፈር ይሰነጥቃል፤ ላብ የሚባል ግን አታዩም። ላብ ከሌለ ሰውነታችሁ ውኃ እያጣ መሆኑ አይታወቃችሁም። ውኃው ራሱ ጥርስ ያደነዝዛል። በዚያ ብርድ ማን ደፍሮ ይጠጣዋል?

በኅዳር መጨረሻ አንድ የገበያ ቀን፣ ከቀትር በኋላ፣ ግራ ጎኔን ከጎድን አጥንቴ በታች የሆነ ነገር ጨመደደኝ። መጀመሪያ አቀማመጤ ነው ብዬ ተገላበጥኩ። ትንሽ ቆይቶ ወደ ብሽሽቴ ወረደ። ብቀመጥ አልሆነም፣ ብቆም አልሆነም፣ ባናው ላይ ጋደም ብል ባሰብኝ። ሌላ ሕመም ቢሆን ሰው አንድ የሚመቸው አኳኋን አያጣም፤ ይሄ አንድም አይሰጥም። ገዢ ፊቴ ቆሞ ዋጋ ሲጠይቀኝ ዝም ብዬ ዞርኩበት። ሰውየው የንቀት መስሎት ተቆጥቶ ሄደ። በመጨረሻ አስመለሰኝና ጎረቤቶቼ ዕቃዬን ጠቅልለው ቤቴ አደረሱኝ።

ቤት ያሉት እማማ ተዋበች ናቸው፤ የባለቤቴ እናት። ከእኛ ጋር ነው የሚኖሩት። የራሴን እናት በልጅነቴ ስላጣሁ የእናት እጅ ያወቅኩት በእሳቸው ነው፤ ሦስቱንም ልጆቼን ስወልድ ያረሱኝ እሳቸው ናቸው። ጎኔን ዳሰስ ዳሰስ አደረጉና «ብርድ ነው» አሉ። ከዚያ በኋላ ሌላ ነገር ለማለት የሚደፍር አልነበረም።

እኛ አገር ሁሉም ነገር ብርድ ነው። ራስ ቢያማችሁ ብርድ መትቷችሁ ነው፣ ሆድ ቢነፋችሁ ብርድ ገብቶ ነው፣ ወገብ ቢይዛችሁ ብርድ ነው። አልፈርድም፤ ብርዱን የቀመሰ ያውቀዋል። እማማ ጨው በጨርቅ ቋጥረው እያሞቁ ጎኔ ላይ አደረጉልኝ። የበግ ለምድ ወገቤ ላይ አሰሩልኝ። ነጭ ሽንኩርት በማር፣ ፌጦ፣ ጠዋትና ማታ አንድ መለኪያ አረቄ። ውኃ ግን በፍጹም ከለከሉኝ። «ብርድ የገባበት ሰውነት ላይ ውኃ አይጨመርም» አሉ። ስጠይቃቸው ጣሳውን ከአጠገቤ አንስተው ይወስዱታል። እኔም አልተከራከርኩም። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የተውኩትን ነገር ቢከለክሉኝ ምን ይጎድልብኛል?

በሁለተኛው ቀን ሕመሙ ለቀቀኝ። እማማ ደስ አላቸው፣ ጎረቤቱም ጨዋ ነው፣ እሰይ አለ። እኔም ለምዱን ቀሚሴ ሥር እንዳሰርኩ ገበያ ወጣሁ።

ይህን ልብ በሉልኝ፤ ይህ ሕመም ይሄዳል፣ ይመጣል። ሲሄድ ያደረጋችሁት ነገር ያዳናችሁ ይመስላችኋል። እኔን አረቄ ያዳነኝ መሰለኝ።

በታኅሣሥ አጋማሽ ተመለሰ። ያን ጊዜ ደረጀ እምቢ ብሎ አንድ ክሊኒክ ወሰደኝ። ሰው ሞልቶ ነበር፤ አግዳሚው ላይ ጥግ አገኘሁ፤ ግን መቀመጥ ስላልቻልኩ በበሩና በመስኮቱ መካከል እንደ ተያዘ ሌባ ስንጎራደድ ዋልኩ። አንዲት ልጅ ያቀፈች ሴት «እህቴ፣ አዞርሽኝ» አለችኝ። ደም ወሰዱ፣ «ታይፎይድና ታይፈስ ነው» አሉ። የዐሥር ቀን የታይፎይድ መድኃኒት ጀመርኩ። ሳልጨርሰው እንደገና ሲያመኝ ሌላ ቦታ ሄድኩ፤ እዚያ ደግሞ «ጨጓራ ነው፣ በርበሬ ተዪ» አሉኝ። በርበሬ ተውኩ። ሕመሜ ከጨጓራ በታችና ወደ ጎን መሆኑን እያሳየኋቸው እንኳ ጨጓራ ነው አሉኝ። የሁለት በግ ዋጋ በዚህ አለቀ። ደረጀና እኔ መጨቃጨቅ ጀመርን። እሱ «በቃ፣ እማማ ብርድ ነው ያሉሽን ስሚ» ይለኛል፤ እኔ ደግሞ ሕመሙን ለእሱ አንድ ቀን ብቻ ቢሰጥልኝ ብዬ በልቤ እመኝለታለሁ። እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ከዚያ አንድ ጠዋት ሽንቴ ቀይ ሆኖ ወጣ።

ለማንም አልተናገርኩም። አርባ አንድ ዓመቴ ነው፤ የወር አበባ መዛባት ነው ብዬ ራሴን አሳመንኩ። እውነቱን ልናገር፣ ፈራሁ። በልጅነቴ አንድ ጎረቤታችን ደም ሸንቶ በሁለት ወሩ ሲቀበር አይቻለሁ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እጄ ሥራ አይዝም፣ ሰው ሲያናግረኝ ጆሮዬ ላይ አይገባም። ልጆቼ ሲስቁ ስሰማ «ይህቺን ትንሿን ሳልድር ልቀር ነው» እያልኩ ወደ ጓዳ ገብቼ አለቅሳለሁ። አፌ አያርፍም የምባለው ሴት ሳምንት ሙሉ አንድ ቃል አፍኜ ያዝኩ። ይህ ከሕመሙ የባሰ ስሕተቴ ነበር።

በጥር፣ ከጥምቀት በኋላ፣ ትንሿን ልጄን ለክትባት ጤና ጣቢያ ወሰድኩ። ለእኔ አልነበረም የሄድኩት። ሲስተር ሃይማኖት የምትባል ወጣት ነርስ ልጅቱን ወግታ ስትጨርስ ቀና ብላ አየችኝና «አንቺስ? ስትገቢ ጎንሽን ይዘሽ ነበር» አለችኝ። እንባዬ ዱብ አለ። ሁሉንም ዘረገፍኩላት፤ ደሙንም ጭምር። በሩን ዘጋችና ወንበሯን ወደ እኔ ሳበች።

«በቀን ስንት ብርጭቆ ውኃ ትጠጫለሽ?» አለችኝ።

ሳቅኩ። ስንት ብርጭቆ? ለመቁጠር የሚበቃ ነገር የለኝማ። «ጠላ እጠጣለሁ» አልኳት። ጠላ ውኃ አይደለም ወይ ብዬ ተከራከርኳት። እሷ አልሳቀችም። ሽንቴን መረመረች፣ ጎኔን ከኋላ በኩል በጡጫዋ ቀስ አድርጋ መታ ስታደርገኝ ከወንበሩ ዘለልኩ። ወረቀት ጽፋ «ደብረ ብርሃን ሄደሽ አልትራሳውንድ ትነሺያለሽ፤ ዛሬ ካልሆነ ነገ» አለችኝ። አልትራሳውንድ ማለት ሆድ ላይ ቀዝቃዛ ቅባት ቀብተው ውስጥን በመሣሪያ የሚያዩበት ነው።

ነገ አልሆነም። በዚያ ሰሞን በጸጥታው ምክንያት መንገዱ አንድ ቀን ይከፈታል፣ ሁለት ቀን ይዘጋል። ለአራት ቀን ጠዋት ጠዋት መናኸሪያ ሄጄ ተመለስኩ። በአምስተኛው ቀን መኪና ተገኘ። ያን ሁሉ ኮረኮንች ቁጭ ብዬ መሄድ አቅቶኝ ከሹፌሩ ኋላ ያለውን ብረት ይዤ ቆሜ ሄድኩ። ደረጀ «ቦታ እያለ ለምን ትቆሚያለሽ» ብሎ አፍሮብኝ ነበር፤ በኋላ ግን እሱም ተነስቶ አጠገቤ ቆመ። በትዳራችን ውስጥ ካደረገልኝ ነገር ይህን አልረሳውም።

ሐኪም ቤቱ ውስጥ ያለው አግዳሚ ረጅም ነው። ተራ ቁጥራችን እስኪደርስ ቀኑ ተጋመሰ። ሰው ሁሉ የያዘውን ወረቀት ያገላብጣል፤ ማንበብ የማይችለውም ያገላብጣል። አንዲት የመርሐቤቴ ሴት ከጎኔ ነበረች፤ ከቆላ ያመጣችውን ብርቱካን ላጠችና ሳልጠይቃት ግማሹን ሰጠችኝ። ስሟን እንኳ አልጠየቅኳትም። እዚያ ወንበር ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የበላሁት ነገር ጣዕም ተሰማኝ።

ሐኪሙ መሣሪያውን ጎኔ ላይ ሲያንቀሳቅስ ፊቱን ነበር የማየው። አንድ ቦታ ላይ ቆመ። መልሶ መላልሶ አየው። ከዚያ እንደዚህ አስረዳኝ። ኩላሊቴ ውስጥ የተፈጠረ ጠጠር ወርዶ የሽንት መውረጃዋ ቀጭን ቱቦ ላይ ተሰንቅሯል። መጠኑ የምስር ፍሬ ያህላል። ሽንቱ መውጫ ስላጣ ወደ ኋላ እየተጠራቀመ ግራ ኩላሊቴን አሳብጦታል። «ይህ ከቆየ ኩላሊቱ ይሞታል» አለኝ፤ እንዲሁ፣ ሳያስጌጠው። አራት ሳምንት ሰጠኝ። ቱቦዋን የሚያላላ ክኒንና የሕመም ማስታገሻ አዘዘልኝ። በቀን ሦስት ሊትር ያህል ውኃ እንድጠጣ፣ ጨው እንድቀንስ፣ እንድራመድ ነገረኝ። ካልወጣ አዲስ አበባ ሄጄ በመሣሪያ አስወጣለሁ። በመሃል ትኩሳትና ብርድ ብርድ ካለኝ ግን አንድ ሰዓት ሳልቆይ እንድመጣ አስጠነቀቀኝ።

«ለምን ያዘኝ?» አልኩት።

«ብዙ ምክንያት አለው» አለኝ። «አንቺን ግን ድርቀት ይመስለኛል። ሽንት ሲወፍር ደለል ይሠራል፤ ደለሉ ይጠጥራል።»

ቤት ደርሼ ለእማማ ነገርኳቸው። ከዚያ «ድንጋይ በሰው ሆድ?» አሉ። የበግ ለምዱን ፈትቼ ስሰጣቸው ተቀብለው አጣጥፈው አስቀመጡት። ውኃውን ስቀዳ ግን ፊታቸውን አዞሩ። የጠጣሁት መርዝ የሆነ ይመስል ነበር አኳኋናቸው። እያንዳንዱ ጉንጭ በመካከላችን ጠብ ሆነ፤ ደረጀ መሃል ላይ ቆሞ አንዴ እናቱን አንዴ እኔን ያያል።

መጠጣት ቀላል የሚመስላችሁ ካላችሁ በመንዝ ጠዋት ሞክሩት። የመጀመሪያውን ሳምንት ውኃ ጠላቴ ነበር። ሆዴ ይነፋል፣ ያንቀጠቅጠኛል፣ ደጅ ስመላለስ እውላለሁ። በኋላ ሲስተር ሃይማኖት ዘዴ አስያዘችኝ፤ ለብ አድርገሽ ጠጪው አለችኝ። ቀላል ነገር ነው፤ ግን ማን አስቦት ያውቃል? ከአልጋዬ ስነሳ አንድ ትልቅ ጣሳ ለብ ያለ ውኃ፣ ቤት ሳልወጣ ሌላ፣ ቀሪው በሃይላንድ ተሞልቶ አብሮኝ ይሄዳል። ከመርሐቤቴ ነጋዴዎች ሎሚ እየገዛሁ ጭምቅ አደርግበታለሁ፤ ሎሚ ጠጠር እንዳይበዛ ይረዳል ብላኛለች። መድረሱን የምለየውም በሽንቴ ቀለም ነው። የገለባ ቀለም ካለው ጥሩ ነው፤ የቅራሪ ቀለም ከያዘ እየደረቅኩ ነው። ቆሎዬን ያለ ጨው ማመስ ጀመርኩ። ልጆቹ «የምን ቆሎ ነው፣ የፈረስ ቀለብ!» ብለው አኩርፈው ነበር፤ አሁን ለምደውታል። ጎመን፣ ድንች፣ ባቄላ ከበፊቱ ይልቅ አዘወተርን። አረቄውን ተውኩ። እሱን በመተው ብቻ ራስ ምታቴ ለቀቀኝ።

መራመዱን ማንም ማዘዝ አላስፈለገውም። ያቺን ጠጠር ከውስጤ የማራግፋት ይመስል ጠዋት ጠዋት ከቤታችን በላይ ያለውን ዳገት ወጥቼ እወርድ ነበር። መንገድ ላይ ያገኘኝ ሁሉ «ምን ጠፍቶሽ ነው?» ይለኛል። ማታ ቀኔን እቆጥራለሁ፤ ከአራቱ ሳምንት ይህን ያህል ቀረኝ፣ ኩላሊቴ ይህን ያህል ቀረው እያልኩ። ሲያመኝ እፈራለሁ። ሳያመኝ ደግሞ ሞቶ ይሆን ብዬ እፈራለሁ።

ሁለተኛው ሳምንት ላይ ዐቢይ ጾም ገባ።

አሁን ምን ይደረጋል? እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ እንኳ የማይቀመስበት ቤት ውስጥ ነው የምኖረው። የንስሐ አባታችን መምሬ ኃይሉ ዘንድ ሄድኩ። ነገሩን ሳልጨርስላቸው ገባቸው። «ልጄ፣ ጾም ነፍስን ለማዳን እንጂ ኩላሊት ለመግደል አልታዘዘም» አሉኝ። «ውኃሽን ጠጪ። ከእህሉ የምትችይውን ያህል ጹሚ፤ ሲያቅትሽ ሳትደብቂ ንገሪኝ።» እግዚአብሔር ይፍታሽ ብለው ባረኩኝ። ነፍሴ መለስ አለች።

እሳቸው ፈቀዱ፤ ገበያው ግን አልፈቀደም። ፈቃዱን ግንባሬ ላይ ጽፌ አልዞርም። በጠራራ ፀሐይ፣ ሁሉም ጾሞ በተቀመጠበት፣ እኔ ጠርሙስ ሳነሳ የሚያዩኝ ዓይኖች ከበዱኝ። አንዷ ለሌላዋ ሹክ ስትል ሰማሁ። መጀመሪያ ባና ውስጥ ተሸፍኜ ጠጣሁ። ቀጥሎ ቀነስኩ። ቀጥሎ በገበያ ቀን ጭራሽ ተውኩት፤ ማታ አካክሰዋለሁ አልኩ። ሰው ምን ይለኛል ብዬ ነው፤ ሌላ ምክንያት የለኝም። ሁለት ገበያ እንዲህ አለፈ። በሁለተኛው ከሰዓት በኋላ ሕመሙ ከበፊቱ እጥፍ ሆኖ መጣ። መሬት ላይ ተንከባለልኩ። የዘረጋሁት ባና ላይ አስመለሰኝ። ቃሬዛ ተፈልጎ ጤና ጣቢያ ሲያደርሱኝ እማማ ወሬው ደርሷቸው ነጠላቸውን እንኳ በቅጡ ሳያጣፉ ከኋላችን ሲሮጡ አየኋቸው።

ሲስተር ሃይማኖት መጀመሪያ የያዘችው የትኩሳት መለኪያውን ነው። ያ መለኪያ ብብቴ ሥር የቆየበትን ጊዜ ያህል ረጅም ጊዜ አላውቅም። ትኩሳት ካለ ኩላሊቱ መግሏል ማለት ነው፤ ያን ቀን ደግሞ መንገዱ ዝግ ነበር። አውጥታ አየችውና «የለም» አለች። ደረጀ ግድግዳው ላይ ተደግፎ ቁልቁል ተቀመጠ። ማስታገሻ ወጋችኝ፣ ግሉኮስ ተከለችልኝ። ከዚያ ተቆጣችኝ። እስከ ዛሬ ሐኪም እንደዚያ ተቆጥቶኝ አያውቅም።

ከዚያ ቀን በኋላ ዓይኔን በጨው አጥቤ ጠጣሁ። ከገበያው ጀርባ ጠላ የምትሸጥ አንዲት ሴት አለች፤ ሄጄ ችግሬን ነገርኳትና የመጸዳጃ ቤቷን ቁልፍ እንደፈለግሽ ውሰጂ አለችኝ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሃያ እርምጃ ራቅ ብላ ነበር የተቀመጠችው፤ ጠይቄያት ግን አላውቅም። እማማም ሳይጠሩ በገበያ ቀን መምጣት ጀመሩ። እኔ ስነሳ ባናው ላይ ቁጭ ይላሉ፣ ስመለስ ተነስተው ይሄዳሉ። ሹክሹክታው እሳቸውን ሲያይ ቆመ። በእማማ ጾም ላይ የሚናገር ሰው ዘመሮ ውስጥ የለም።

በአራተኛው ሳምንት መግቢያ ጠጠሯ ወጣች። ሲስተር ሃይማኖት በጨርቅ አጥልዬ እንድጠብቅ ነግራኝ ነበርና አገኘኋት። ቡናማ፣ ጫፏ ሸካራ፣ ከጥፍር የማትሞላ ነገር። ይህቺ ናት? አልኩ። ይህቺ ናት ሰው የምታንከባልለው? ስቄም አልቅሼም አልወጣልኝም።

መውጣቷ ብቻውን አይበቃም፤ ኩላሊቱ መትረፉ መታየት ነበረበት። ደብረ ብርሃን ስንሄድ እማማ «እኔም እሄዳለሁ» አሉ። ከመንዝ ወጥተው የማያውቁ ሴት ናቸው። ውስጥ አብረውኝ ገቡ። ሐኪሙ ያንኑ ቦታ ፈልጎ ረጅም ጊዜ አየ። «እብጠቱ ወርዷል፤ ኩላሊትሽ እየሠራ ነው» አለኝ። ጠጠር አንዴ የያዘው ሰው ተመልሶ ሊይዘው እንደሚችል፣ ስለዚህ ውኃው ለአራት ሳምንት ሳይሆን ለዕድሜ ልክ መሆኑን ነገረኝ። እኔ እግዚአብሔርን ሳመሰግን እማማ ለመጀመሪያ ጊዜ አፋቸውን ከፈቱ። «እና ብርድ አልነበረም?» ብለው ጠየቁት። «አልነበረም እናቴ» አላቸው። እስከ ቤት ድረስ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣል አድርገው መጡ። ደክሟቸው ነው ብዬ ተውኳቸው።

በማግሥቱ ግቢ ውስጥ ፀሐይ እየሞቅን ጠጉር እናባዝታለን። እማማ እጃቸው ቆመ።

«አስካለም እንዲሁ ነበር የምትሆነው» አሉ።

አስካለ የደረጀ ታላቅ እህት ነበረች። እኔ ወደዚህ ቤት ሳልመጣ በሃያ ዓመቷ ሞታለች። ብርድ ገደላት ሲባል ነው የሰማሁት፤ ከዚያ በላይ ስሟ በቤታችን አይነሳም። እማማ መሬት መሬት እያዩ ነገሩኝ። ጎኗን ይዛ ነው የጀመራት። መቀመጥም መተኛትም ከለከላት። በኋላ ሰውነቷ ጋለ፣ ተንቀጠቀጠች፣ እሳቸውም ብርዱ እየወጣ ነው ብለው ደስ አላቸው።

«ሦስት ቀን ውኃ ለመነችኝ» አሉ። «ብርድ ነው ብዬ ከለከልኳት። ተነስታ እንዳትቀዳ እንስራውን ከድኜ ድንጋይ ጫንኩበት።»

እጃቸውን ይዤ፣ የአስካለን ሕመም ማንም እንዳላየው፣ ጠጠር ላይሆን እንደሚችል፣ ትኩሳቱ ከመጣ በኋላ ደግሞ ውኃ ብቻውን ላያድናት ይችል እንደነበር ነገርኳቸው። ላጽናናቸው ብዬ ብቻ አይደለም፤ እውነትም ነው። እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

«ሌላም ይሁን» አሉ። «ሌላም ይሁን ልጄ፣ ጠምቷት ነበር።»

ይህን ጽሑፍ ጻፊው ያሉኝ እሳቸው ናቸው። አንቺ ፊደል ታውቂያለሽ፣ የእኔንም ሳትደብቂ ጻፊው አሉኝ። ስምዎን ልቀይረው ብላቸው እምቢ አሉ። እንደነገሩኝ ጻፍኩት።